የከሰሉ ፋታ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል። በሆስፒታሉ ከጥበቃው እስከ ዋና ሐኪሙ ሁሉም ጋሽ ቀጠሮ ነው የሚሉት። ሐኪም እንዳይመስላችሁ። ቀጠሮ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለማሽን ነው። የጄኔሬተሩ ዘይት መቼ ይቀየር፣ የሊፍቱ ገመድ መቼ ይታይ፣ የቀዶ ጥገና ዕቃ ማምከኛው ጎማ መቼ ይለወጥ፣ ይህን ሁሉ ገና ሳይበላሽ የሚወስነው እሱ ነው። ከተበላሸ በኋላማ ማንም ይጠግናል፤ ተጯጩሆም ቢሆን ይጠግናል። ሳይበላሽ መጠገን ግን ምስጋና የለውም። ምንም ካልሆነ ማን አመሰግናለሁ ይልሃል? ምንም አልሆነማ!

ቀን መቁረጥ ብቻ ደግሞ አይበቃም። ሆስፒታል ነው፤ ሊፍቱን ላቁም ስትል ምጥ የያዛት ትመጣለች፣ ጄኔሬተሩን ልፍታ ስትል መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ ከተቆረጠው ቀን ወዲህና ወዲያ ማፈናፈኛ ይሰጠዋል። በጥገና ክፍሉ ፋታ ይሉታል። ይሄኛው ሥራ አንድ ሳምንት ቢቀድምም ቢዘገይም ግድ የለም፤ ያኛው ሁለት ቀን ብቻ፤ ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ ፋታ አይሰጠውም። ፋታውን ካጠበብከው ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ይልሃል፤ ካሰፋኸው ማሽኑ ይጫወትብሃል። ጋሽ ቀጠሮ ጥርሱን የነቀለው በዚህ ሙያ ነው።

አባቱ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። መንገድ ላይ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከገበታ ተነስቶ የሚሮጥ፣ ለቤቱ እንግዳ የሆነ ሰው። ልጁ ይህን እያየ አደገና "እኔስ ሳልጠራ ነው የምሄደው" አለ ይባላል። ሙያ ትምህርት ቤት ገባ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ጄኔሬተር ቤት ተቀጠረ፣ እዚያ አንድ ጆሮው ሲደክምበት ቢሮ ሰጡት። ሚስቱንም ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው። የሆስፒታሉን ጋውንና አንሶላ የምትሰፋ ቀጭን፣ ምላሷ የተሳለ ልብስ ሰፊ ነበረች። ለስፌት ማሽኗ የዘይት ቀን ሊቆርጥ ሄደ።

"ማሽኔን እኔ አውቃታለሁ፤ ይልቅ ለራስህ ቀጠሮ ያዝ" አለችው።

"ከአንቺ ጋር ከሆነ እይዛለሁ" አላት፤ እሱም ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ሳቀች። በቃ፣ ትዳሩ ከዚያ ወዲያ ነው። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልጅቷ አድጋ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ ቤታቸው ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ሁለት ክፍል ነው፤ ደህና ኑሮ ነበር።

ከዚያ የሴትዮዋ ኩላሊት እምቢ አለ። እንዲያው ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው ስትል ከርማ አንድ ቀን መቀሱን እንደያዘች ስፌት ክፍሉ ወለል ላይ ተገኘች። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነፍሷ የተንጠለጠለችው በሆስፒታሉ እጥበት ክፍል ነው፤ በየሁለት ቀኑ ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል። አንድ ቀን ከዘለለች እግሯ ያብጣል፤ ሁለት ከዘለለች ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ማንም አያወራውም። የክፍሉን ማሽኖች የሚያስጠግን ማን ነው? ጋሽ ቀጠሮ። እንግዲህ አስቡት።

እጥበት ክፍሉ ስድስት ወንበር ነው ያለው፤ ሰማያዊ፣ ክንዱ ላይ የተላጠ። ከግድግዳው ጀርባ ጠባብ የውሃ ክፍል አለች፤ በውስጧ አንድ ትልቅ በርሜል ቆሟል፤ በርሜሉ በልዩ ከሰል የተሞላ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ለሚጠጣው ሰው ደግ ነው፤ በማሽኑ አልፎ ደም ጋ ከደረሰ ግን ደምን ያፈርሳል። ከሰሉ ነው ክሎሪኑን ይዞ የሚያስቀረው። ከሰልም ይደክማል፤ በየሦስት ወሩ ይቀየራል። ለመቀየር ደግሞ ክፍሉ አንድ ቀን ሙሉ ይዘጋል፤ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ጥቁር ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል፣ ቧንቧው ይመከናል። የዚያን ቀን ተረኞች ሳይታጠቡ ይውላሉ።

ጋሽ ቀጠሮ ይህን ዕቅድ መጀመሪያ ሲያወጣ አስቦበት ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚደፈርስ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ክሎሪን ይጨምራል። ስለዚህ ከአራቱ ቅያሬ አንዱን ክረምቱ ሊገባ ሲል አደረገው፤ አዲስ ከሰል ዝናቡን ይቀበለው ብሎ። ፋታውን ደግሞ አንድ ሳምንት አደረገው፤ ወይ ቀድሞ ወይ ዘግይቶ።

ማን ይቀድማል? ቀኑ በደረሰ ቁጥር በሽተኞቹ ይለምኑታል። በሚስቱ ጎን ያለው ወንበር የጡረተኛው መምህር ነው፤ ሽማግሌው ተጫዋች ናቸው፤ "አንተ ቀጠሮ፣ ዛሬ ከዘጋህብኝ መንፈሴ መጥቶ ቢሮህን ያንኳኳል" ይሉታል። ሌላዋ ከገጠር ድረስ መጥታለች፤ ተመለሽ እንዴት ትባላለች። ሚስቱ አትለምንም፤ እግሯን ግን ያየዋል። ያበጠ እግሯን ጫማ ውስጥ ለማስገባት ስትታገል ሲያይ፣ "እሺ፣ ሳምንት አለን" ይላል። ሳምንቱም እስከ መጨረሻዋ ቀን ይሟጠጣል። ከሰሉ ሲቀየር ቀጣዩን ሦስት ወር የሚቆጥሩት ከተቀየረበት ቀን ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በዓመት አራቴ፣ በየጊዜው አንድ ሳምንት፤ ወር ሆነ። በሁለት ዓመት ሁለት ወር። ሁሉም ቅያሬ በፋታው ውስጥ ነው፣ አንዱም አላለፈም፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ ያለው ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ዝናቡን ሊቀበል የታሰበው ከሰል ግን ክረምቱ አጋማሽ ላይ የሚገባ ሆነ፤ ዝናቡ ሲበረታ በርሜሉ ውስጥ ያለው የደከመው፣ ሊወጣ ቀን የሚጠብቀው ነው። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ረሳው። የሚስቱን እግር እያየ ክረምቱን ረሳው።

በሦስተኛው ክረምት አንድ ጠዋት፣ የቅያሬው ቀን አልፎ ገና ፋታው ውስጥ ሳሉ፣ ክፍሉን የምትመራው ሲስተር እንደወትሮው ውሃውን ፈተሸች፤ ደህና ነበር። በሽተኞቹ ገቡ። ሌሊቱን ጎርፍ ነበርና የውሃ መሥሪያ ቤቱ ረፋድ ላይ ክሎሪኑን አበዛው፤ የደከመው ከሰል አሳለፈው። መጀመሪያ መምህሩ ወገቤን አሉ። ከዚያ ደረቴን። ሲስተር ስትዞር በቱቦው ውስጥ ያለው ደም መልኩ ተለውጦ ጠቆር ብሏል። "አቁሙ! ሁሉንም አቁሙ!" ብላ የጮኸችው እስከ ጥገና ክፍል ተሰማ ይባላል።

መምህሩ በዚያው ቀን ሞቱ። ከገጠር የመጣችው በማግስቱ ተከተለቻቸው። የጋሽ ቀጠሮ ሚስት ደም ሥሯ አልገኝ ብሎ ሲወጉ ሲነቅሉ ስለነበር ማሽኑ ላይ ገና መግባቷ ነው፤ ተረፈች። የባሰ አታምጣ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰው በደም ሥሩ መጥፋት ፈጣሪን ያመሰግናል።

አጣሪዎች መጡ። ሦስት ሰዎች፣ ክራቫት ያደረጉ፣ ጨዋዎች። ዕቅዱን አዩ፣ ቀኖቹን አዩ።

"የጥገና ሥራው በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ ነው። በእርስዎ በኩል ጥፋት የለም" አሉት።

"የፈቀድኩት እኮ እኔ ነኝ" አለ ጋሽ ቀጠሮ። "ፋታውን የሰጠሁት እኔ። ቀኑ ሲንሸራተት ያላየሁት እኔ።"

አንደኛው ብዕሩን ከደነና "ራስዎን አይውቀሱ፤ ደንቡ ተከብሯል" አለው። ደንቡ ተከብሯል! ሁለት ሰው ተቀብሮ ደንቡ ተከብሯል። ጋሽ ቀጠሮ ተነስቶ ወጣ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ አልጋ ላይ ናት፤ ልጅቷ ሾርባ ታጠጣታለች። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳይደብቅ ነገራት።

"ያዘገየኸው ስለ እኔ ነው?"

"ስለ ሁላችሁም ነው" አለ። ቆይቶ ግን "ስለ አንቺም ነው" አላት።

"አየህ፣ ሰዉ የሚለው እውነት ነው ማለት ነዋ" አለች። "የመምህሩ ሚስት ለሚስቱ ሲል ባሌን ገደለው እያለች ነው። ጎረቤቶቻችን ነግረውኛል። እኔ በሰው ባል ነፍስ መኖር አልፈልግም። ሁለተኛ በእኔ ስም ቀን እንዳታነሳ እንዳትጥል! ሰማኸኝ?"

"እማዬ፣ ይበቃሻል" አለች ልጅቷ።

"ማልልኝ!"

ማለላት። በልጃቸው ማለላት። ያን ሳምንት ቢሮው ገብቶ የከሰሉን ቀኖች ወደ ቦታቸው መለሰ፤ ከተሠራበት ቀን መቁጠር ቀረ፣ ቀኑ በዓመቱ ውስጥ እንደ ችካል ተተከለ። ፋታውንም ለወጠ። መቅደም እስከ አንድ ሳምንት ይቻላል፤ መዘግየት ግን አንዲት ቀንም አይቻልም። ክረምትም ሆነ በጋ አይቻልም። ዋና ሐኪሙም ደንግጦ ስለነበር እሺ አለው፤ ከእንግዲህ የከሰሉን ነገር ያለ ጋሽ ቀጠሮ ቃል ማንም እንዳይነካው ብሎ አዘዘ።

ልብ በሉ፣ ሰውየው ሙያውን ያውቃል። በበጋ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ክሎሪኑ ጥቂት ነው፤ ሦስት ወር ያገለገለ ከሰል አንድ ሳምንት ቢጨመርበት ምንም አይሆንም። ጀማሪ ሠራተኛ ሳለ ቢጠይቁት ይህን በአንድ ትንፋሽ ይነግራቸው ነበር። የበጋውን ከክረምቱ ሳይለይ ሁሉንም እኩል ያጠበቀው ከሐዘኑ የተነሳ ነው። ፋታ ማለት ለማሽኑ ልክ የሚሰፋ ነገር ነው፤ እሱ ግን ለገዛ ፀፀቱ ሰፋው።

የመጀመሪያው ቅያሬ ደህና አለፈ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው በጋ ላይ ዋለ። ጋሽ ቀጠሮ አስቀድሞ ሊያስቀይር አስቦ ከሰሉን በጊዜ አዝዞ ነበር፤ አቅራቢው ዛሬ ነገ እያለ አጓተተውና የደረሰው የቀኑ ዋዜማ ነው። ያ ቀን ደግሞ የሚስቱ ተራ ነው። የባሰው ግን ይሄ አይደለም። በቀደመው ተራዋ የክፍሉ መብራት ገመድ ተቃጥሎ እጥበቷ ገና ሳይጋመስ ተቋርጦባታል። ፊቷ አብጧል፤ ሁለት ቃል ተናግራ ታርፋለች።

ጠዋት ልጅቷ በተሽከርካሪ ወንበር ይዛት መጣች። የውሃ ክፍሉ በር ላይ የውሃ ቴክኒሻኑ፣ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ቱቦ የሚሉት፣ መፍቻውን ይዞ ቆሟል። ሲስተርም አለች። ጋሽ ቀጠሮ መሀል ቆሟል።

"ጋሽ ቀጠሮ፣ እባክዎ" አለች ሲስተር። "አንድ ቀን ብቻ። ውሃውን ደግሜ ፈትሼዋለሁ፣ እንደ እንባ ነው። በጋ ነው እኮ። ዛሬ ትታጠብና ነገ ይቀየር።"

"ሌላ ሆስፒታልስ?"

"ሁሉንም ጠይቄአለሁ። ሞልቷል ነው የሚሉት።"

ቱቦም ጭንቅላቱን አከከና "ጋሼ፣ እውነቷን ነው። ይሄ ከሰል ገና ጉልበት አለው። እኔ እንደሆንኩ ለነገ እመጣለሁ" አለ።

ጋሽ ቀጠሮ ያውቃል። ከሁለቱም በላይ ያውቃል። አፉ ድረስ መጣለት፤ "እሺ፣ ነገ" ሊል ነበር። ግን ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የሌሎች በሽተኞች ዘመዶች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ጆሮአቸውን ቀስረዋል። ለማን ሲል ነው የሚያነሳው? ለሚስቱ። ትናንት እምቢ ያላቸው ሁለት ሰዎችም ዛሬ ተራቸው ነበር፤ እነሱ እሺ ብለው ቤታቸው ቀርተዋል። የመምህሩ ሚስት ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

"አባዬ" አለች ልጅቷ፤ እያለቀሰች ነበር። "እያት እስቲ። ዓይኗን እያት።"

አያት። ሚስቱም አየችው። መናገር አቅቷት እጇን አነሳችና ወደ ውሃ ክፍሉ አመለከተች፤ ግባና ሥራህን ሥራ ማለቷ ነው። አንዳንዶች ደግሞ፣ ሲስተር ለምሳሌ፣ ምልክቱ እንደዚያ አልነበረም ይላሉ፤ ወደ ወንበሯ ወደ ሰማያዊው ነው ያመለከተችው፣ አስገቡኝ ነው ያለችው ይላሉ። ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ናቸው። ጋሽ ቀጠሮ ግን የመጀመሪያውን ነው ያየው፤ ወይም ማየት የፈለገው እሱን ነው።

"ክፈተው" አለ ለቱቦ። "ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምትገባው እሷ ናት።"

ልጅቷ ጮኸች። ሲስተር ጥላው ሄደች፤ ሐኪም ጠርታ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አሰጠቻት፣ ኦክስጅን አደረገችላት፣ ከጎኗ አልተለየችም። ጋሽ ቀጠሮ ውሃ ክፍል ገብቶ አሮጌውን ከሰል ከቱቦ ጋር በአካፋ ሲያወጣ ዋለ። የሱ ሥራ አልነበረም፤ ቢሮ ነው ሥራው። እጁ ፊቱ ጠቆረ። ምሳ ሰዓት ላይ ወጥቶ አልጋዋ ጋ ሄደ፤ እንቅልፍ ወስዷታል አሉት። እጇን ያዘው፤ ጥቁር እጁን ስታይ የምትሰድበው ሴትዮ ዝም አለች። "ይኸው እያለቀ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ" አላት። የሰማችው አይመስልም።

ከሰዓት በኋላ አዲሱ ከሰል ታጥቦ፣ የሚወርደው ውሃ ጥቁረቱ እየለቀቀ ሳለ፣ ሲስተር በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ገና አፏን ሳትከፍት ገባው። የሚስቱ ልብ ነው የቆመው። ውሃው መፍሰሱን አላቆመም፤ ቱቦ ነው ሄዶ የዘጋው።

ቀበሯት። ልጅቷ በሐዘኑ ሰሞን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም። እሱም "ስደቢኝ እስቲ" ብሎ አንድ ጊዜ ለምኗት ነበር፤ "ብላ፣ ይቀዘቅዛል" ብቻ አለችው። ሰው ተፅናና ሲለው እሺ ይላል፤ ምን ይበል። ውስጡ ግን እርር ድብን ይላል። ሌት ተቀን አንዲት ነገር ትመላለስበታለች፤ ክረምቱን ለብቻ፣ በጋውን ለብቻ ብሎ ቢያወጣው ኖሮ። ይኸው ነው። ከባድ ስሌት አልነበረም።

ሥራ ሲገባ ዋና ሐኪሙ አስጠራው። ሐኪሙ ዓይኑን ሽሽት ወረቀት ያገላብጣል።

"ይቅርታ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ" አለው። "ግን የከሰሉ ነገር እንዲህ መቀጠል የለበትም። በሽተኞቹ ፈርተዋል። አንተ ካልፈቀድክ እኔም አልነካውም ብያለሁ። ምን እናድርግ?"

ጋሽ ቀጠሮ አልተከራከረም። ቢሮው ተመልሶ ተቀመጠና ጻፈው። በክረምት መዘግየት የለም። በበጋ እስከ አንድ ሳምንት መዘግየት ይቻላል፤ ቀጣዩ ግን የሚቆጠረው ከተቆረጠው ቀን እንጂ ከተሠራበት ቀን አይደለም። ጽፎ ለመጨረስ ሻይ ቀርቦ እስኪበርድ ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ደግሞ አነበበው፤ የሚታረም ነገር አጣበት። ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ልጅቷ ከሥራ ወጥታ ወደ ቤት ልትወስደው መጣች፤ ከሐዘኑ ወዲህ ብቻውን አታስኬደውም ነበር። ኮቱን እስኪለብስ ድረስ ግድግዳውን ታነባለች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ልክና መጠን የሚባል ነገር ይገባታል። አንዴ አነበበችው። ጣቷን በጋ የሚለው ቃል ላይ አድርጋ ደግማ አነበበችው።

"ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ከዛሬ" አለ።

ጣቷን ከወረቀቱ አነሳች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወጣች፤ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ሲደርስ ኮሪደሩን ጨርሳለች፣ ቆይ ቢላትም አልዞረችም።